ማሩ ከየት ነው?

ባለፈው ሰሞን ጀሞ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወይን እንድቀምስ ተጋበዝኩ። እንድጠጣ አላልኩም፤ እንድቀምስ ነው። ልዩነቱ የገባኝ ከተቀዳልኝ በኋላ ነው። ብርጭቆው የጋን ታናሽ ወንድም ያህላል፣ ወይኑ ግን ከጉሮሮ ማርጠቢያ አያልፍም። ላነሳ ስል ጋባዣችን፣ ስፔን ለዓመታት ኖሮ የተመለሰ ጎረቤቴ፣ እጄን ያዘኝ።

«ቆይ ጋሼ! መጀመሪያ ያሽትቱት።»

አሸተትኩ።

«ምን ምን ሸተተዎት?»

«ወይን ወይን» አልኩት። አዘነብኝ።

ዕድሜዬን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ሌላው ሲያስተምር አላቋርጥም። ልጁ ቀጠለ። ሪዮሃን ማንም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1925 በቦታ ስም የታወቀ ወይን ነው። የሱ ጠርሙሶች ግን ስማቸው ካልገነነ አገሮች የመጡ ናቸው። ይሄ ከቢየርሶ ነው፣ በ1989 በሕግ ስሙን ያገኘ፤ ሜንሲያ ከሚባል ወይን የተጠመቀ። ያኛው ከሪቤይራ ሳክራ፣ ገበሬው በወንዝ ዳር ገደል ላይ በእርከን ከሚያለማው፤ እሱም በ1996 ተመዝግቧል። ይሄ ደግሞ ከሁሚያ፣ ከደረቁና ከሞቃቱ ደቡብ ምሥራቅ። የሁሚያ ወይን ለረጅም ዘመን በጅምላ እየተሸጠ ከሌላው ጋር ይደባለቅ ነበር አሉ። ማንም ስሙን ሳይጠራ ይጠጣው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ይህን ታሪክ የት ነው የማውቀው? አልኩ። ስም አልባ ሆኖ፣ ተደባልቆ፣ በጅምላ የሚጠጣ ነገር… የኛው ጠጅ ነዋ!

እስቲ እንነጋገር። ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዎቹ እኛ ነን። ከዚያ ማር ውስጥ ብዙው የሚያልቀው ጠጅ ሆኖ ነው። ማሩ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የላስታና የትግራይ ነጭ ማር አለ። የወንጪ አለ። ከሐረና፣ ከከፋና ከሸካ ደን የሚቆረጥ አለ። ግራዋ ሲያብብ የተቆረጠው በመጭና በአደይ አበባ ጊዜ ከተቆረጠው በቀለምም በጣዕምም ይለያል። ማር ስንገዛ ይህን እናውቃለን። «የላሊበላ ነው? የጎጃም ነው?» ብለን ነጋዴውን እናፋጥጣለን። ያው ማር ጋን ውስጥ ሲገባ ግን አገሩን እናስክደዋለን። ጌሾ አይጠይቁ፣ ውኃ አይጠይቁ፣ ዘመን አይጠይቁ። ብርሌው ቢጫ ይሁን እንጂ ሌላው ግድ የለንም።

ታዲያ ጠማቂ ምን ያድርግ? የሚፈለገው ቢጫ ከሆነ ቢጫ ይሰጠናል። ስኳር ርካሽ ነው፣ ቀለም ከስኳርም ይረክሳል። እኛም ጠጥተን፣ ራሳችንን አሞን፣ በማግስቱ «ድሮ ቀረ ጠጅ» እንላለን። ድሮ አልቀረም፤ እኛ መጠየቅ ስለተውን ነው።

«ይሄ የጥጋብ ወሬ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። «ሰው ኑሮ ከብዶታል፣ አንተ የማር ዘር ትቆጥራለህ?» አዎ፣ እቆጥራለሁ። የቦታ ስም ለጠጪው ቅንጦት ሊሆን ይችላል፤ ለአናቢው ግን እንጀራ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ቀፎው ወድሞበት ከዜሮ የጀመረው የትግራይ አናቢ ከስኳር ቀላቃዩ ጋር እኩል ሚዛን ላይ ከቆመ፣ ተሸናፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ስሙ ሲጠበቅለት ብቻ ነው ድካሙ የሚከፈለው። የቢየርሶ ገበሬ ዛሬ ጀሞ ድረስ ስሙ የተጠራለት ወይኑ ከኛ ጠጅ ስለበለጠ አይደለም። የማነው፣ ከየት ነው፣ በምን ተሠራ የሚለውን የሚቆጣጠር ሕግና የሚጠይቅ ጠጪ ስላለው ነው።

አንችልም እንዳይባል ደግሞ አንድ ጊዜ ችለናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞቻችን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡልን አመለከትን። ከስታርባክስ ጋር ተፋጠጥን፣ ዓለም ጉድ አለ፣ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ለቡና የቆምነውን ያህል ለማር ለምን አልቆምንም? የወንጪን ማርና የትግራይን ነጭ ማር ለይቶ የደገፈው ስሎው ፉድ የተባለው መሠረቱ ጣሊያን የሆነ ድርጅት ነው። ፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 ገበያ ሲወጣ ጠርሙሱ ላይ የለጠፈው ስም «ሪፍት ቫሊ» ነው። ፈረንጅ አፈራችን ላይ ሲተክል መጀመሪያ ያየው የቦታውን ስም ነው። እኛ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሆኖብን፣ የስፔንን ወንዝ ዳር ገደል በቃላችን አጥንተን የላስታን ቀፎ አናውቅም።

በነጋታው ወደ ሰፈራችን ጠጅ ቤት ወረድኩ። ባለቤቲቱን፣ «እትዬ፣ የዚህ ጠጅ ማሩ ከየት ነው?» አልኳት።

«ከመርካቶ ነዋ!» አለችኝ፣ ምን ነካው በሚል ዓይን እያየችኝ።

አልተቀየምኳት። በኖረችበት ዘመን ማንም ጠይቋት አያውቅማ! ይልቅ የምለምነው እናንተን ነው፣ የተማራችሁትን፣ ብርጭቆ አዙራችሁ ማሽተት የለመዳችሁትን። ጠጅ ቤት ስትገቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። አሥር ሰው ከጠየቃት እሷ ነጋዴውን ትጠይቃለች፣ ነጋዴው አናቢውን። ሕግ የሚያወጣውም ክፍል ቢሆን ጠያቂ ሲበዛበት ነው ከእንቅልፉ የሚነቃው።

እኔ ጀምሬያለሁ። ከሩቅ ስታየኝ «መጣ ደግሞ ያ ጠያቂ» እንደምትል ሰምቻለሁ። ትበል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ገና ሳልቀመጥ፣ «ጋሼ፣ የዛሬው የጎጃም ነው ብሎኛል ነጋዴው» አለችኝ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እሱ ያውቃል። ቢያንስ ግን መርካቶ ውስጥ ንብ እንደማይረባ ተስማምተናል።