ስም ማውጣት መቅዳት አይደለም፦ የፓይተን የማኅደረ ትውስታ አያያዝና የጥናት ውጤት ተአማኒነት

በልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች የድኅረ ምረቃ ጥናት የሚያካሂዱ ተማሪዎች መረጃቸውን የሚተነትኑበት መሣሪያ እየተለወጠ ነው። ቀድሞ በተዘጋጀ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ምርጫዎችን እየተጫኑ ይሠራ የነበረው ትንተና እየዋለ እያደረ በፓይተን ኮድ መጻፍ ጀምሯል። የተጻፈ ኮድ ሊነበብ፣ ሊመረመርና ሊደገም ስለሚችል ለውጡ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ኮድ መጻፍን የምናስተምርበት ቅደም ተከተል አንድ መሠረታዊ ጉዳይ ይዘላል፤ እርሱም ቋንቋው ኦብጀክትን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዴት እንደሚያኖርና መቼ እንደሚቀዳ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩ ለኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ዝርዝር እንዳልሆነና ከጥናት ዘዴ ሊነጠል እንደማይገባ ይሞግታል። ስለዚህም በጥናት ዘዴ ትምህርት ውስጥ ሊሰጥ፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ጊዜም ሊጠየቅ ይገባል።

አንድ ኦብጀክት፣ ሁለት ስሞች

ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ያደረጉት ፓይተን ከ3.0 እትሙ ጀምሮ በግዕዝ ፊደል የተጻፉ ስሞችን ስለሚቀበል፣ ነጥቡን በራሳችን ፊደል ማሳየት ይቻላል፦

ሀ = [10, 20, 30]
ለ = ሀ
ለ[0] = 99

ከእነዚህ ሦስት መስመሮች በኋላ «ሀ» ምን ይዟል? መልሱ [99, 20, 30] ነው። ሁለተኛው መስመር አዲስ ዝርዝር አልፈጠረም፤ አስቀድሞ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ለነበረው ዝርዝር ሁለተኛ ስም አወጣለት እንጂ። አንድ ሰው በዓለም ስሙም ሆነ በክርስትና ስሙ ቢጠራ ያው አንድ ሰው ነው፤ ወለተ ማርያም ታማ አልማዝ ደኅና ልትሆን አትችልም። በፓይተን የእኩል ምልክት የሚሠራው ሥራም ይኸው ነው፦ በስተቀኝ ያለውን ኦብጀክት በስተግራ ካለው ስም ጋር ያያይዛል። ኦብጀክትን ለፈንክሽን ስናቀብልም ፈንክሽኑ የሚደርሰው ያው ኦብጀክት ነው። ባርባራ ሊስኮቭና ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ ሲኤልዩ የተባለውን ቋንቋ ሲነድፉ ይህን አሠራር «በመጋራት መጥራት» የሚል ስም ሰጥተውታል።

ጀማሪ ተማሪ ይህን በራሱ ሙከራ ለመረዳት የሚቸገርበት ምክንያት አለ። ብዙውን ጊዜ የሚለማመደው በቁጥር ነው። ሀ = 5፣ ለ = ሀ፣ ቀጥሎም ለ = ለ + 1 ብሎ ሲጽፍ «ሀ» 5 እንደሆነ ይቀራል፤ ተማሪውም «ለ» የራሱ ቅጂ እንደነበረው ይደመድማል። ድምዳሜው የተሳሳተ ነው። በፓይተን ቁጥርና ጽሑፍ አንዴ ከተፈጠሩ በኋላ አይለወጡም፤ ስሌቱ ሌላ ኦብጀክት አስገኝቶ «ለ» የሚለውን ስም ወደዚያ አዛወረው እንጂ 5ን አልነካውም። የማይለወጥን ነገር መጋራት ጉዳት የለውም። እንዲያውም የቋንቋው ዋና ማስፈጸሚያ የሆነው ሲፓይተን ከ-5 እስከ 256 ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች አንድ ጊዜ ብቻ አስቀምጦ ለሚፈልጋቸው ስም ሁሉ ያጋራል። እንግዲህ በቁጥር የተገኘው ልምድ ሊለወጡ የሚችሉት ዝርዝርና ሰንጠረዥ ላይ ሲደርስ ባለቤቱን ይከዳዋል።

ስህተቱ የማይታይበት ቦታ

አንድ ተመራማሪ የአርሶ አደር ቤተሰቦችን የምርት መጠን ያጠናል እንበል። ከመጠይቁ የተገኘውን ሰንጠረዥ «ጥሬ» በሚል ስም ከፋይል ያነባል፤ ቀጥሎም ንጹሕ = ጥሬ ብሎ ይጽፋል። በ«ንጹሕ» ላይ የጎደሉትን የምርት መጠኖች በአማካይ ይሞላል። አማካሪው «የጎደለውን መሙላትህ መደምደሚያህን አልቀየረውም?» ብለው ይጠይቁታል። ጥያቄው ተገቢ ነውና መልስ ያዘጋጃል፦ ያንኑ የሬግሬሽን ሞዴል በ«ጥሬ» እና በ«ንጹሕ» ላይ አስልቶ ውጤቶቹን ያነጻጽራል። ልዩነት የለም። በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥም «የጎደለውን መረጃ መሙላት ውጤቱን አልለወጠውም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገባል።

ዐረፍተ ነገሩ ማስረጃ የለውም። ተመራማሪው ያነጻጸረው አንዱን ሰንጠረዥ ከራሱ ጋር ነው። መሙላቱ ውጤቱን ለውጦትም ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ በዚህ ንጽጽር ሊታወቅ ግን አይችልም። ኮዱ አልተቋረጠም፤ ማስጠንቀቂያም አልታየም። ከሁሉ የሚከፋው ስህተቱ የሚሰጠው መልስ ተመራማሪው ሊሰማው የሚመኘው መልስ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ተመልሶ እንዲመረምር የሚገፋፋው ነገር የለም። «ጥሬ» የሚለው ስም ዋናው መረጃ ሳይነካ እንደተቀመጠ ያስመስላል፤ ነገሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ስሙ አለ፤ ጥሬው መረጃ ከማኅደረ ትውስታው ከጠፋ ቆይቷል።

ተመራማሪዎች በሚያዘወትሩት የጁፒተር ኖትቡክ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የምርት መጠንን ከኪሎ ግራም ወደ ኩንታል ለመቀየር ዓምዱን በ100 አካፍሎ በዚያው ስም የሚመልስ አንድ የኮድ ክፍል አለ እንበል። ክፍሉ አንድ ጊዜ ቢሠራ ትክክል ነው። ተመራማሪው ከበታቹ ያለውን ሥዕላዊ መግለጫ ሲያሻሽል ያንኑ ክፍል ሳያስተውል ደግሞ ቢያስኬደው ግን መረጃው ሁለት ጊዜ ይካፈላል። በወረቀቱ ላይ የሚነበበው ኮድ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ የተሳሳተ ይሆናል። ኮዱን ብቻ የሚያነብ ፈታኝ ይህን ሊደርስበት አይችልም።

ቅጂ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

«እንግዲያው ቅዳ ብለን እንዘዘው» የሚለው መፍትሔ ትክክለኛ ጅምር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የፓይተን ኮፒ ሞጁል ሁለት ዓይነት ቅጂ ያውቃል። የመጀመሪያው የላይ ላይ ቅጂ ነው። በአንድ መዝገብ ቤት ፋይሎቹ የት የት እንዳሉ የሚያመለክተውን መዝገብ ብንገለብጠው ሁለት መዝገብ ይኖረናል፤ ሁለቱም ግን የሚመሩን ወደ እነዚያው ፋይሎች ነው። በአንዱ መዝገብ ተመርቶ ፋይሉን ያረመ ሰው በሁለተኛው መዝገብ ተመርቶ ለሚመጣውም አርሞታል። የላይ ላይ ቅጂ ይህን ይመስላል፦ የውጪው ዝርዝር አዲስ ነው፤ በውስጡ ያሉት ኦብጀክቶች ግን የጋራ ናቸው። ሁለተኛው ጥልቅ ቅጂ ነው፤ መዝገቡንም ፋይሎቹንም አንድ በአንድ ይቀዳል።

ሳይንሳዊ ስሌት የሚሠራባቸው ላይብረሪዎች ደግሞ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። በፓይተን ከአንድ ዝርዝር የመጀመሪያዎቹን 100 አባላት ቆርጠን ብንወስድ አዲስ ዝርዝር እናገኛለን። ያንኑ አጻጻፍ በነምፓይ አሬይ ላይ ብንጠቀም ግን የምናገኘው ዋናው መረጃ የሚታይበት መስኮት ነው፤ በመስኮቱ በኩል የተለወጠው ሁሉ ዋናውን ይለውጠዋል። ከዚያው አሬይ አባላትን በሁኔታ ብንመርጥ፣ ለምሳሌ ከ50 የሚበልጡትን ብቻ ብንወስድ፣ ውጤቱ እንደገና ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። በአንድ ዓይነት ቅንፍ የሚጻፉ ሦስት ትእዛዛት ሁለት የተለያየ ትርጉም አላቸው። ይህን ያልተማረ ሰው በግምት ሊደርስበት አይችልም።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ቋንቋው ለምን ሁልጊዜ አይቀዳም?» የሚል ነው። መልሱ በስሌት ይገኛል። 10,000 ረድፍና 10,000 ዓምድ ያለው፣ እያንዳንዱ ቁጥር 8 ባይት የሚይዝ አሬይ 800 ሚሊዮን ባይት ይፈልጋል። አምስት የማጽዳት ደረጃዎች እያንዳንዳቸው ቅጂ ፈጥረው ቢያቆዩ ከዋናው ጋር 4.8 ቢሊዮን ባይት ይሆናል፤ 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ባለው ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራ ተማሪ ይህ ሥራውን ሊያስቆም የሚችል ክብደት ነው። ማጋራት የቋንቋው ጉድለት ሊባል አይገባም፤ ዋጋውና ጥቅሙ ታውቆ የተመረጠ አሠራር ነው። የሚጎዳው ሳይታወቅ ሲሆን ነው።

ሁለተኛውና ይበልጥ ክብደት ያለው ተቃውሞ «ችግሩን መሣሪያዎቹ ራሳቸው እየፈቱት ነው» የሚለው ነው። እውነትነት አለው። ፓንዳስ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 1.5 እትሙ «ሲለወጥ ቅዳ» የሚባለውን አሠራር በሙከራ ደረጃ አስገብቶ፣ በ3.0 እትሙ መደበኛ አድርጎታል። በዚህ አሠራር ከአንድ ሰንጠረዥ ተቆርጦ የተወሰደ ሌላ ሰንጠረዥ ሲለወጥ ዋናው አይነካም፤ ቅጂው የሚሠራውም ለውጥ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ማኅደረ ትውስታ ይቆጥባል። አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋም በአመዛኙ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ንጹሕ = ጥሬ የሚለው መስመር በአዲሱ ፓንዳስም ቢሆን ሁለተኛ ስም ከማውጣት አያልፍም፤ ከላይ ያየነው ተመራማሪ ዛሬም ከስህተቱ አይድንም። በአርም ቢሆን ዳታ ቴብል የተባለው ፓኬጅ ሰንጠረዡን ሳይቀዳ በቦታው እንዲለውጥ ታስቦ የተሠራ ነው። መሣሪያ አደጋውን ይቀንሳል፤ አደጋው የት እንዳለ ማወቅ ግን የተመራማሪው ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ምን ይደረግ?

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አራት ነገሮች በቂ ናቸው፤ አንዳቸውም ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም።

አንደኛ፣ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በሚሰጠው የፕሮግራሚንግ ትምህርት ስምና ኦብጀክት የተለያዩ መሆናቸው ከመደጋገሚያ ትእዛዛት በፊት ይሰጥ። ስሞችን በአንድ ወገን፣ ኦብጀክቶችን በሌላ ወገን ጽፎ በቀስት ማገናኘት አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜና አንድ ሰሌዳ ብቻ ይፈልጋል። ምሳሌውም በቁጥር ሳይሆን ሊለወጥ በሚችል ዝርዝር ይሁን።

ሁለተኛ፣ ጥሬ መረጃ የሚጠበቅበት ቦታ ፋይሉ እንጂ በማኅደረ ትውስታ ያለ ስም አይሁን። ፋይሉ እንዳይጻፍበት ይቆለፍ፤ ጥሬው መረጃ ለንጽጽር ባስፈለገ ቁጥር እንደ አዲስ ከፋይሉ ይነበብ። የነምፓይ አሬይም እንዳይጻፍበት ሊቆለፍ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሊለውጠው የሚሞክር ኮድ በስህተት መልእክት ይቆማል። በዝምታ ከሚሳሳት ኮድ ጮኾ የሚቆም ኮድ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ተማሪዎች የሚጽፉት ፈንክሽን ወይ የተቀበለውን ይለውጥ፣ ወይ አዲስ ይመልስ፤ ሁለቱን አያደባልቅ። ቋንቋው ራሱ አርአያ ነው። ሶርት የተባለው ትእዛዝ ዝርዝሩን በቦታው ያስተካክልና ምንም አይመልስም፤ ሶርትድ የተባለው ግን ዋናውን ሳይነካ አዲስ ዝርዝር ይመልሳል። ፈንክሽኑ የትኛውን እንደሚያደርግ በመግለጫው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ።

አራተኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈታኞች ኮድ ላለው ጥናት ሁሉ ሦስት ጥያቄዎች ያቅርቡ። ጥሬው መረጃ የት ነው ያለው? ፕሮግራሙ ተዘግቶ ኮዱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢሠራ ያው ውጤት ይገኛል? ሁለት የመረጃ ስብስቦች ከተነጻጸሩ፣ ሁለት መሆናቸው በምን ተረጋገጠ? ለሦስተኛው ጥያቄ ቋንቋው ቀላል መልስ አለው። ኢዝ የተባለው ማነጻጸሪያ ሁለት ስሞች አንድ ኦብጀክት መያዝ አለመያዛቸውን ይናገራል፤ የነምፓይ ሼርስ ሜሞሪ ፈንክሽን ደግሞ ሁለት አሬዮች ማኅደረ ትውስታ መጋራት አለመጋራታቸውን ያሳያል።

ኮድ የማይጽፉ ፈታኞች ይህን ሊጠይቁ እንዴት ይችላሉ የሚል ካለ፣ በሌላ ጊዜ የሚያደርጉትን ያስታውስ። የደም ናሙና በተጠና ጊዜ ፈታኙ ቤተ ሙከራው ውስጥ ባይገኝም ናሙናው እንዴት እንደተቀመጠ፣ ከየትኛው ተቀንሶ እንደተመረመረና ዋናው መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል። በኮድ የሚሠራ ጥናትም ናሙናው መረጃው ነው። የናሙናን አያያዝ ሳንጠይቅ የማናሳልፍ ከሆነ፣ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለውን መረጃ አያያዝም ሳንጠይቅ ልናሳልፍ አይገባም።