መርፌን ለሚፈራ ሰው እውነቱን እንንገረው

ልጅ ሲያለቅስ ወይም አልታዘዝም ሲል «ዝም ካላልህ ሐኪም ቤት ወስጄ መርፌ አስወጋሃለሁ» ብሎ ማስፈራራት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ቃሉ ለጊዜው ልጁን ዝም ያሰኘው ይሆናል፤ ነገር ግን መርፌን ቅጣት፣ ከታቢውንም ቀጪ አድርጎ በልቡ ይቀርጽበታል። ያ ልጅ አድጎ የሚከተብበት ቀን ሲደርስ ከትምህርት ቤት ቢቀር፣ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም።

ሁለተኛው ስሕተት «ምንም አያምም» የሚለው ማባበያ ነው። ልጁ ነገሩ ሐሰት መሆኑን ወዲያው በገዛ ክንዱ ይረዳዋል፤ ከዚያም ወዲያ ስለ ክትባት የምንነግረውን እውነት ሁሉ ይጠራጠራል። በእኛ አሳብ መርፌን የሚፈራ ሰው ሊሰደብም ሊታለልም አይገባም፤ የሚገባው የሚሆነውን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ነው።

የሚሆነውም ይህ ነው። ከታቢው አዲስ መርፌ ከማሸጊያው ያወጣል፤ ለአንዱ ያገለገለ መርፌ ለሌላው አይደገምም። መርፌው በክንድ ጡንቻ ገብቶ እስኪወጣ የሚፈጀው ጥቂት ሴኮንድ ነው፤ ሕመሙም እንደ እሾህ ውግት ነው። ከዚያ በኋላ የተወጋው ስፍራ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊያም፣ ሊቀላ፣ ጥቂትም ሊያብጥ ይችላል፤ ቀላል ትኩሳትም ሊኖር ይችላል። ይህ ሰውነት መከላከያውን በማዘጋጀት ላይ ለመሆኑ ምልክት ነው።

አንዳንድ ሰው ግን መርፌ ሲያይ ራሱን ይስታል። ምክንያቱም የልቡ ምት ይዘገያል፤ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ወደ አንጎል የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ ያልበዋል፣ ዐይኑ ይጨልማል፣ ይወድቃል። ይህ በወጣቶች ላይ የሚበዛ የሰውነት ጠባይ ነው እንጂ ወኔ ቢስነት አይደለም፤ ክትባቱም መርዝ ለመሆኑ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ወዲያው በጀርባው አስተኝተው እግሩን ከፍ ቢያደርጉለት በጥቂት ደቂቃ ይነቃል። የሚያስፈራው መሳቱ ሳይሆን ሲወድቅ ጭንቅላቱ መመታቱ ነው።

ስለዚህ የሚፈራ ሰው ቁርሱን በልቶ ይምጣ፤ ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ ይከተብ፤ ፍርሃቱንም ለከታቢው ሳያፍር ይንገር። ራሱን የመሳት ልማድ ያለበት የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ ፊቱ እስኪሞቅ ድረስ 10 ወይም 15 ሴኮንድ ያህል ያጥብቅ፤ ጥቂት ያሳርፍ፤ ይህንም አምስት ጊዜ ይድገም። ማጥበቁ የደም ግፊቱን ይደግፍለታል። የሚወጋውን ክንድ ግን ዘና ያድርገው፤ የጠበቀ ጡንቻ ሕመሙን ያብሳልና። ከተከተበ በኋላም 15 ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይቆይ። ከባድ አለርጂ የሚደርሰው እጅግ በጥቂት ሰው ላይ ነው፤ ቢደርስም ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ ከባለሙያው ፊት አለመራቅ ይበጃል።

በዚህ ረገድ የመምህራን ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር፣ ብዙዎቹ የተከተቡት በየትምህርት ቤታቸው ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ተማሪዎችን አሰልፎ አንዱ የሌላውን መወጋት እያየ እንዲጠብቅ ማድረግ ፍርሃትን ያበዛል። አንዲት ልጅ በሰልፉ ፊት ብትወድቅ ያዩዋት ሌሎች ተከትለው ሊወድቁ ይችላሉ፤ በማግሥቱም «ክትባቱ ልጆቹን መረዛቸው» የሚል ወሬ ከተማውን ይሞላዋል። በዚያ ወሬ ምክንያት ሳይከተቡ የሚቀሩት ልጆች ጉዳት ከወደቀችው ልጅ ጉዳት ይልቅ የከፋ ነው። መከተቢያው በመጋረጃ ቢከለልና እጅግ የሚፈሩት አስቀድመው ቢገቡ ግን ብዙው ችግር ሳይነሣ ይቀራል።

የአንድ ክንድ ውግት ምን እንደሚያተርፍ አገራችን በዐይኗ አይታለች። ፈንጣጣ ሕዝብ የሚፈጅ፣ ከሞት በተረፈውም ላይ ጠባሳ የሚተው በሽታ ነበረ። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ታወጀ። በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ያጠፋው ክትባት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ቃል ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። በዚያ ጊዜ ክንዳቸውን ከሰጡት መካከል መርፌ የሚፈሩ አልነበሩም ብለን አናስብም፤ እየፈሩም ተከትበዋል።

እንግዲህ ወላጆች መርፌን ማስፈራሪያ ማድረግን ይተዉ፤ መምህራንም ከክትባቱ ቀን አስቀድመው የሚሆነውን በግልጽ ያስረዱ። የሚመጣውን የሚያውቅ ልጅ ቢፈራም አይሸሽም።