ሌባውን የሚያኖረው ተቀባዩ ነው

ሐርጌሳን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጎበኝ እንግዳ በቅድሚያ ከሚያስተውላቸው ነገሮች አንዱ የገንዘብ መንዛሪዎች አቀማመጥ ነው። በገበያው መካከል፣ በመንገድ ዳር፣ የሶማሌላንድ ሽልንግ እስሮች እንደ ጡብ ተደርድረው ይታያሉ። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ባለቤቱ ጨርቅ ጣል አድርጎባቸው ወደ መስጊድ ይሄዳል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ይህ ገንዘብ ዋጋው አነስተኛ ስለሆነ አንድ እስር ነጥቆ መሮጥ ከድካሙ አይተርፍም የሚሉ አሉ። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም የምክንያቱ ግማሽ ብቻ ነው።

ሌላው ግማሽ ሶማሌዎች «ሔር» ብለው በሚጠሩት የባህል ሕግ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ሕግ መሠረት ካሣ የሚከፍለው ጥፋተኛው ብቻውን ሳይሆን በአንድነት ካሣ የሚከፍልና የሚቀበል ዘመዱ ሁሉ ነው። አንድ ጎረምሳ የሰው ንብረት ቢነካ ዕዳው በአጎቱና በአጎቱ ልጆች ላይ ይወድቃል። በመሆኑም ሌባውን አስቀድሞ የሚቆጣጠረው ባለንብረቱ ሳይሆን የገዛ ወገኑ ነው። ይህ ማለት ግን በከተማይቱ ሌብነት የለም ማለት አይደለም። የሐርጌሳ ነዋሪም እንደ ማንኛውም ከተሜ ግቢውን ያጥራል፤ በሩንም ይቆልፋል።

ስለ ቤት ንብረት ጥበቃ ለመናገር ከሐርጌሳ የተነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ እንደዚህች ከተማ በመራራ መንገድ የተማረ ጥቂት ነውና። ግንቦት 23 ቀን 1980 ዓ.ም. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎች ወደ ከተማይቱ ሲገቡ የዚያድ ባሬ መንግሥት የሰጠው መልስ ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ነበር። አውሮፕላኖቹም የሚነሡት ከዚያው ከከተማዋ ማረፊያ ነበር። ነዋሪው ቤቱን ጥሎ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ተሰደደ። በጅጅጋ አቅራቢያ የተቋቋመው የሐርተሼክ መጠለያ በዘመኑ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ። ባዶ የቀሩትን ቤቶች የዘረፉት ግን በጨለማ አጥር የሚዘሉ ሌቦች አልነበሩም። ጸጥታ እንዲያስከብሩ የተሰማሩ ወታደሮች ነበሩ። የቤት ዕቃው ተጫነ፤ በሩና መስኮቱ ተነቀለ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ሳይቀር ወረደ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከስደት የተመለሱት ባለቤቶች ያገኙት ጣሪያ የሌለው ግድግዳና በግቢያቸው የተቀበረ ፈንጂ ነበር።

እኛም የደንብ ልብስ የለበስን ሰዎች ነንና ይህን የምንጽፈው አንገታችንን ደፍተን ነው። ዘብ የቆመው ራሱ ሲዘርፍ ጓጉንቸር ምን ይፈይዳል? ነገር ግን አንድ ወታደር ስንት በር ያስፈልገዋል? የተነቀለው በር፣ የወረደው ቆርቆሮ ገዢ ነበረው። ገዢ ባይኖር ኖሮ ጣሪያ ለመንቀል መሰላል የሚያቆም አይገኝም ነበር።

ከዚያ ጥፋት የተረፈ አንድ ሀብት መኖሩን ሳንጠቅስ አናልፍም። የራዲዮ ሐርጌሳ ሠራተኞች ጣቢያው እንደሚመታ ስለተገነዘቡ የዓመታት ዘፈንና ድራማ የተቀረጸባቸውን ቴፖች ከመሬት በታች ቀበሩ፤ ከፊሉንም በየአቅጣጫው አሸሹ። ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ሰዎቹ የጠበቁት በቁልፍ አልነበረም። ምን እንዳላቸው ለይተው ያውቁ ነበር፤ የት እንዳስቀመጡትም ያውቁ ነበር።

እኛስ ያለንን እናውቃለን? በጦር አካዳሚ አንድ ዕጩ መኮንን የጠመንጃውን ቁጥር ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ ሳይደናቀፍ መናገር ይጠበቅበታል። የብስክሌቱን ቁጥር የሚያውቅ ባለብስክሌት ግን ስንት ነው? ቁጥሩ አለ። ብስክሌቷን ገልብጦ ፔዳሎቹ ከሚገናኙበት ቱቦ ሥር የተመለከተ ሰው በአብዛኞቹ ላይ ተቀርጾ ያገኘዋል። ይህን ቁጥር ከመግዣው ደረሰኝ ጋር ያላስቀመጠ ሰው ፖሊስ ዘንድ ሲቀርብ «ቀይ ነበረች» ከማለት ያለፈ ማስረጃ የለውም። ቀይ ብስክሌት ደግሞ በከተማው ስንት አለ! ቀለም መቀባትስ የግማሽ ቀን ሥራ አይደለምን?

በባሕር ዳር መንገዶች ላይ በየማለዳው የሚታየው ብስክሌት የሠራተኛውና የተማሪው እግር ነው። በወራት ቁጠባ የተገዛች ብስክሌት በአንድ ሌሊት ስትጠፋ የሚጠፋው ብረት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው ሥራው ላይ በሰዓቱ የሚደርስበት አቅም አብሮ ይጠፋል። ይህም ሆኖ ሰንሰለቱን በፊት ጎማው ብቻ አሳልፎ የሚቆልፍ ብዙ ነው። ሌባው ጎማውን ፈትቶ ይተውለትና ቀሪውን ይዞ ይሄዳል። ሰንሰለቱ ዋናውን አካልና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ይዞ ከማይነቀል ብረት ጋር መታሰር ይኖርበታል። ግቢ ውስጥ ናት ተብሎ ሳትቆለፍ ያደረች ብስክሌት ደጅ እንዳደረች ትቆጠር። መሰላልን ከአጥር ሥር አጋድሞ መተው፣ ቁልፍን ከደጃፍ ድንጋይ ሥር መደበቅ (ሌባው መጀመሪያ የሚያነሣው ያንኑ ድንጋይ ነው)፣ ለመንገድ የሚወጡበትን ቀን በየሻይ ቤቱ ማውራት፣ እነዚህ ሁሉ በሩን ከፍቶ ከመሄድ አይሻሉም። በሐርጌሳ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ «ዛድ» በተባለው አገልግሎት ገንዘብ በስልክ መተላለፍ ከጀመረ በኋላ ጥሬ ገንዘብ በፍራሽ ሥር ማስቀመጥ እየቀረ መጥቷል። ነገር ግን የምሥጢር ቁጥሩን በስልኩ ሽፋን ላይ ጽፎ የሚይዝ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ እንደሚዞር ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው ነዋሪው በተራ ሮንድ ይወጣ እንደነበር አንጋፋዎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ማንም እንዲወጣ አይገደድም። ቢሆንም ጎረቤቱ መንገድ መሄዱን የሚያውቅ ሰው ማታ የደጁን መብራት ቢያበራለት፣ የማያውቀው ጋሪ ዕቃ ሲጭን ቢያይ «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚጎድልበት ነገር የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግሥቱ ተሰብስቦ «እኔም አይቼው ነበር» ማለት ለባለንብረቱ አይጠቅመውም።

ከሌባው ይልቅ ልንነጋገርበት የሚገባን ግን ተቀባዩ ነው። የተሰረቀች ብስክሌት ሌባው ቤት አታድርም። ወይ በግማሽ ዋጋ ትሸጣለች፣ ወይ ተበትና መሪዋ ለአንዱ፣ ኮርቻዋ ለሌላው ይደርሳል። ይህን የሚገዛው ብዙ ጊዜ ራሱን ጨዋ አድርጎ የሚቆጥር፣ ሌባ ሲያዝ ከሁሉ በላይ የሚጮህ ሰው ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ከወንጀል የተገኘ ንብረት መሆኑን እያወቀ የገዛውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ይቀጣል። ደረሰኝ የሌላት አዲስ ብስክሌት በግማሽ ዋጋ የቀረበችለት ሰው «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

ስለዚህ የከተማ አስተዳደሮች ያገለገለ ብስክሌትና መለዋወጫ የሚገዙ ነጋዴዎችና ጠጋኞች ሁሉ የሻጩን ስም፣ የመታወቂያውንና የብስክሌቱን ቁጥር የሚመዘግቡበት መዝገብ እንዲይዙ ማድረግ አለባቸው። ፖሊስም መዝገቡን በየጊዜው ይመልከት። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ነው።