መኪና የሌለው መንገደኛ ምን ይምረጥ?

«መኪና ሳይኖርህ አንኮበር እንዴት ትደርሳለህ?» ሲል አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅርቡ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ደግሞ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የራሱ መኪና ያለው ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ቢነሣ ለምሳ ይደርሳል። መኪና የሌለው ግን ቁርሱንም ምሳውንም መናኸሪያ ውስጥ ሊበላ ይችላል። ልዩነቱ የርቀት ሳይሆን የምርጫ ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር የተሽከርካሪው ቁጥር ገና በአንድ ሚሊዮን ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ «ትንሽ ቆጥቤ አሮጌ ቪትዝ እገዛለሁ» ይል የነበረው ባለሙያ ሐሳቡን እንደገና ለማስላት ተገድዷል። እንግዲህ መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ የባንክ ሠራተኛውም ለብዙ ዓመታት የመናኸሪያ ደንበኛ ሆኖ ይቆያል ማለት ነው።

ለመሆኑ በዚህ መንገድ ላይ ያሉት አማራጮች ምንድን ናቸው? ላምበረት መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት መኪና ያገኛል።

የመጀመሪያው ወደ ደሴና ከዚያ ወዲያ የሚሄደው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። ወንበሩ ቁጥር አለው፤ የሚነሣበት ሰዓትም ይታወቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ግድም ነው። ነገር ግን ይህ አውቶቡስ የሚፈልገው ሩቅ ሄያጁን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የሚወርድ ሰው የያዘው ወንበር ቀሪውን መንገድ ባዶውን ሊሄድ ስለሚችል፣ ወይ ሙሉ ሒሳብ ይጠየቃል፣ ወይ «ቦታ የለም» ይባላል። ይህ የክፋት ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው መለስተኛው አውቶቡስ ነው፤ ቅጥቅጡና ሃይገሩ። ዋጋው ይቀንሳል፤ ወንበሩ ግን ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይሞላም። ሦስተኛው ሚኒባሱ ነው። ሚኒባስ ቶሎ ይሞላል፤ ቶሎም ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ቶሎ ይሄዳል።

የችግሩ ሥር ያለው «ሲሞላ ይወጣል» በሚለው አሠራር ላይ ነው። በደርግ ጊዜ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር የነበረውን የመንገድ ትራንስፖርት አዋጅ ቁጥር 14/1984 ለግሉ ዘርፍ ውድድር ከፍቶታል። የመኪናው ቁጥርና ዓይነት በዝቷል፤ ይህ አይካድም። ዳሩ ግን ባለንብረቶቹ በማኅበር ተደራጅተው በተራ ስለሚጭኑ፣ ውድድሩ መንገደኛውን በአገልግሎት ለመሳብ ሳይሆን ተራ ለመያዝ ሆኗል። ተራ የደረሰው መኪና ንጹሕም ይሁን ቆሻሻ፣ ጎማው ደኅናም ይሁን የተላጠ የሚጫነው እሱ ነው። መንገደኛው የሚመርጠው የመኪናውን ዓይነት እንጂ መኪናውን አይደለም።

ሲሞላ የመውጣት አሠራር ሌላም ጣጣ አለው። የባዶው ወንበር ወጪ በገንዘብ ሳይሆን በመንገደኛው ጊዜ ይከፈላል። የቸኮለው ሰው ትንሹን መኪና ይመርጣል፤ በዚህም የትልቁ ተራ ይበልጥ ይረዝማል፤ የቀረውም ሰው ወደ ትንሹ ይሸሻል። በተራ ሁለት ሰዓት የቆመው ሾፌር በበኩሉ የባከነውን ጊዜ በሰንዳፋና በሸኖ መካከል ሊያካክስ ይሞክራል። ፍጥነትን የሚወስን ደንብ አለ፤ የሕዝብ ማመላለሻዎች ፍጥነት መገደቢያ እንዲገጥሙ የሚያዝ መመሪያም አለ። ይሁንና ገቢውን በምልልስ ብዛት የሚቆጥር ሾፌር እንዲቸኩል የሚገፋው መናኸሪያው ራሱ ሆኖ ሳለ፣ መንገድ ላይ ያለ ትራፊክ ፖሊስ ብቻውን ምን ያህል ሊያስቆመው ይችላል?

የአንኮበር መንገደኛ ፈተና ደግሞ የሚጀምረው ሌላው ሰው «ደረስኩ» በሚልበት ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ሲወርድ ገና መንገዱን አላገባደደም። ወደ ጎረቤላ የሚሄደው መኪና በገበያ ቀን ቶሎ ይሞላል፤ በሌላው ቀን ግን መጠበቅ ነው።

ባለፈው ዓመት አክስቴን ደብረ ብርሃን አሳክሜ ወደ አንኮበር ስመልሳት የደረሰብኝን ልናገር። መኪናው ውስጥ የገባነው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነበር። ረዳቱ «እማማ፣ አይዞዎት፣ ሦስት ሰው ብቻ ነው የቀረን» አላት። አክስቴ ነጠላዋን እየተከናነበች «ሦስቱ ሰው ካልመጣስ ልጄ?» ብላ ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሦስቱን ወንበር ሒሳብ ለተሳፋሪው አካፍለን ተነሣን። አንኮበር ስንደርስ መሽቶ ጉሙ ወርዶ ነበር። ከሐኪም ቤት የወጣች አሮጊት ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለች ከተማ፣ በዚያ ብርድ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠችው ለሦስት ወንበር ሲባል ነው።

በርግጥ ሁሉም ነገር የመናኸሪያ ጥፋት አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ በደረሰ ጊዜ ይህ መስመር የነበረበት ሁኔታ አይረሳም። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭትም ስንቱን መንገድ እንደዘጋ እናውቃለን። ነገር ግን የጸጥታ ሥጋት ባለበት መንገድ የመነሻ ሰዓት ማወቅ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። ሳይመሽ ለመድረስ የሚያስብ ሰው መቼ እንደሚነሣ ማወቅ አለበት።

«በሰዓት መነሣት ለእኛ አገር አይሆንም» የሚሉ አሉ። በጣና ሐይቅ ከባሕር ዳር ጎርጎራ ይመላለስ የነበረው የመንገደኞች ጀልባ ለብዙ ዓመታት በሳምንት አንዴ፣ በታወቀ ቀን ይነሣ ነበር። አገልግሎቱ ዘገምተኛና ጥቂት ቢሆንም ቀኑ ስለሚታወቅ የደሴቱ ገበሬ ጉዞውን በዚያ ያቅድ ነበር። በሳምንት አንዴ የሚመጣ ግን የታወቀ አገልግሎት፣ በየቀኑ ካለ ግን ካልታወቀ አገልግሎት የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ባለንብረቶች «ግማሹ ባዶ የሆነ መኪና ሲነሣ ነዳጁን ማን ይከፍላል?» ቢሉ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መንግሥት ከ2014 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ለሕዝብ ማመላለሻ ለይቶ ሲሰጥ፣ «ድጎማ የወሰደ በሰዓት ይነሣ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ይችል ነበር። አሁንም ለማንኛውም ድጋፍ ይህን ማድረግ ይቻላል። ሁሉም መኪና በሰዓት ይነሣ አላልኩም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ፣ ሞላም አልሞላም የሚነሣ መኪና ይኑር። ሰዓቱና ታሪፉ መናኸሪያው በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። ቀሪው እንደ ልማዱ በተራ ይሥራ።

እስከዚያው ለባልደረባዬ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው፤ ጉዞህን ከመጨረሻው ጀምረህ አስብ። በመጀመሪያ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወጣው የመጨረሻ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ እዚያ ካለ ሰው ጠይቅ። ከዚያ የአዲስ አበባውን መኪና ምረጥ። ጊዜ ካለህ ትልቁን መኪና ያዝ። ትርፍ ሰው የጫነውን ሚኒባስ ዋጋው ቢቀንስም ተወው። የመመለሻህን ሰዓት ሳታውቅ አትነሣ።

አንኮበር በስሟ ውስጥ በር ይዛለች። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ በ1841 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከታጁራ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የገባው በዚያ በኩል ነበር። ያኔ ከባሕር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ሸዋን የሚያገኝባት ከተማ ዛሬ መንገደኛው ሦስት ሰው እስኪሞላ የሚጠብቅባት ሆናለች። የአክስቴን ጥያቄ ረዳቱ መመለስ አልቻለም፤ መመለስም የእሱ ሥራ አይደለም። ስምሪት የሚሰጠው፣ ታሪፍ የሚያወጣውና መናኸሪያ የሚያስተዳድረው አካል ግን «ሦስቱ ሰው ካልመጣስ?» ለሚለው መልስ ሊኖረው ይገባል።