ሰንጠረዥ ያለ ወረራ

አርባ ምንጭ ላይ፣ በሴቻም ሆነ በሲቀላ፣ ሁለት ተማሪዎች ቼዝ ሊጫወቱ ቢቀመጡ ነጩ ይጀምራል፤ ጥቁሩም ተራውን ይጠብቃል። ይህ ደንብ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። በአገራችን መኳንንት ዘንድ ይዘወተር የነበረው ሰንጠረዥ ግን እንዲህ አልነበረም።

የሰንጠረዥ መጀመሪያው ወረራ ይባላል። ተራ የሚሉት ነገር የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም እጃቸው የቻለውን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ከባላጋራቸው እጅ አይነቀልም። ተራ በተራ መጫወት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፈርዝ ከንጉሡ ጎን ሆኖ በማዕዘን አንዲት ቤት ብቻ ይራመዳል። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ትልቅ ሙያ አይቆጠርም፤ በፊል ወይም በመደቅ ያሸነፈ ግን ይመሰገናል።

በአውሮፓ በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ፈርዝ ተለውጦ በየአቅጣጫው የምትከንፍ ንግሥት ሆነች። ያ ደንብ ወደ እኛ ሲገባ የተለወጠው የጠጠር እርምጃ ብቻ መስሎ ታየ። የተለወጠው ግን ጨዋታው የሚፈልገው ሰው ጭምር ነው። የዛሬው ተጫዋች አጀማመሩን ከመጽሐፍ አጥንቶ ይመጣል፤ በወረራ ጊዜ ጥናት ምን ይረባል? ባላጋራው እንደሆነ አይጠብቅ!

አዲሱን ደንብ አንጠላም። የአርባ ምንጩ ልጅ ቋንቋውን ከማያውቀው ሕንዳዊ ጋር ሊጫወት የሚችለው በእርሱ ነው። ቅር የሚለን አሮጌው ሳይመከርበት መቅረቱ ነው። ባሕር ማዶ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ፣ ተጫዋቾች በምናብ ጀግና እየሆኑ ዕጣ እየጣሉ የሚጫወቱት ጨዋታ አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1974 ተጀምሮ፣ በ2014 የወጣው ደንቡ በ2024 ተሻሻለ። ቀድሞ የጀግናው የብርታት ጭማሪ ከዘሩ ይመጣ ነበር፤ አሁን ከቀድሞ ሙያው ሆኗል። ቀላል ለውጥ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም በመጽሐፍ ስላሉ ተጫዋቾቹ አመዛዝነው የወደዱትን ይይዛሉ። የጋሞ ሽማግሌዎችም ወጋቸው ይሻሻል ሲባል በዱቡሻ ተቀምጠው ይመክሩበታል እንጂ ዝም ብሎ እንዲጠፋ አይተዉትም።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ወጣቶች ከቼዙ አጠገብ አንድ የሰንጠረዥ ገበታ ቢዘረጉ ወጪ የለውም፤ ያው ጠጠር፣ ያው 64 ቤት ይበቃል። በየትኛው ደንብ እንደሚጫወቱ አስቀድመው ይስማሙ። ወረራ ከሆነ ደግሞ የሻዩን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ያንሡ።