እንዶድን ከአጥራችን ከማጥፋታችን በፊት እንወቀው

በደቡብ ጎንደር ዞን ፎገራ ወረዳ ከወረታና ከቁሐር ሚካኤል አንስቶ እስከ ጣና ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ ዛሬ ስሙ የሚነሳው በሩዝ ነው። ርብና ጉማራ በክረምት የሚያለብሱት ውኃ ለሩዝ ተስማምቶታል፤ አርሶ አደሩም ከሩዝ የሚበላውንም የሚሸጠውንም አግኝቷል። ይሁን እንጂ ሩዝ የሚያለማ ሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ ይውላል፤ ብልሃርዚያ ደግሞ የሚይዘው ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚሠራን፣ የሚያጥብንና የሚዋኝን ሰው ነው። በጣና ዙሪያ በተማሪዎች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች በሽታው በአካባቢው መኖሩን ደጋግመው አሳይተዋል።

የበሽታው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ማለፍ ግድ ይለዋል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ተክል ግን ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ነው።

እንዶድ በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ሐረግ መሰል ተክል ነው። በአገራችን በተለይ ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች ይበቅላል። 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የፎገራ ሜዳም ከዚህ ክልል ውስጥ ነው። መገኛው የደን ጠርዝ፣ የወንዝ ዳርና የጓሮ አጥር ነው። ማሳ ለማስፋት አጥርና ቁጥቋጦ በተመነጠረ ቁጥር እንዶድም አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ሳይንሱ "ፋይቶላካ ዶዴካንድራ" ይለዋል። ሁለተኛው ስም የአበባውን አሥራ ሁለት ወንዴ ዘንጎች የሚያመለክት ነው። ለአርሶ አደሩ ከስሙ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ መሆናቸውን ማወቁ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቴዋ ናት። ከዘር የበቀለ እንዶድ ወንዴ ሊሆን ስለሚችል፣ ጥሩ ፍሬ ከምትሰጥ ሴቴ ቁራጭ ወስዶ መትከል ይሻላል። እንዶድ ሁሉም እኩል ብርታት የለውም። ተመራማሪዎች ከየአካባቢው ሰብስበው ካወዳደሯቸው ዓይነቶች መካከል 44 ቁጥር የተሰጠው በብርታቱ ተመርጧል። ፍሬው የሚለቀመውም ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ እያለ ነው።

ይህን እውቀት ለዓለም ያበረከተው ኢትዮጵያዊ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.አ.አ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እ.አ.አ ከ1969 እስከ 1974 በዚያው ከተማ በተደረገ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕጻናት ላይ የነበረው የብልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እ.አ.አ በ1989 እርሳቸውና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ "ራይት ላይቭሊሁድ" የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ተክሉ ግን ዛሬም በልማት ዕቅዶቻችን ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም።

እንዶድ ጥንቃቄም ይሻል። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ንጥረ ነገር ዓሣንም ይገድላል፤ ስለዚህ ማንም በዘፈቀደ ርብ ወይም ጉማራ ውስጥ ሊጨምረው አይገባም። ለሰው የሚጠጣ መድኃኒትም አይደለም፤ ሊመርዝ ይችላል። ብልሃርዚያ የያዘው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መድኃኒቱን መውሰድ አለበት።

በመሆኑም የወረዳው ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ጉዳዩን በጋራ ሊይዙት ይገባል። ወረታ ላይ የሚገኘው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ስለ ሩዝ ሲያሠለጥን ስለ ሩዝ አልሚው ጤና ጭምር ቢያስተምር መልካም ነው። የችግኝ ጣቢያዎች ከተመረጡ ሴቴ ተክሎች ቁራጭ እያባዙ ያከፋፍሉ። የት ቦይ ላይ፣ መቼና ምን ያህል እንደሚጨመር የሚወስነው ባለሙያ ይሁን። አርሶ አደሩም አጥሩን ሲያጸዳ እንዶዱን ለይቶ ያትርፍ። የሩዝ ምርት የሚያድገው በማሳው የሚሠራው ሰው ጤነኛ ሲሆን ነውና።