ጎማ ሲጮህ ዝም አንበል

ሂንዳዊያ የሚባል ሰፈር ጅዳም አለ፣ መካም አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብዙ ወገኖቻችን ይመላለሱበታል፤ አንዳንዱ ለሥራ፣ አንዳንዱ ለዑምራ፣ አንዳንዱ ዘመድ ለመጠየቅ። የመኪናውን ጎማ የሚገዛው ካፊሉ ነው። በመኪናው ሲጓዙ የሚውሉት ግን የቤት ሹፌሩና ከኋላ ከልጆቹ ጋር የምትቀመጠው ሠራተኛ ናቸው። እነሱን የሚጠይቃቸው የለም። ሊጠየቁ ይገባል እንላለን፤ የጎማን ጠባይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው በመኪናው የሚውል ሰው ነውና።

ጎማው ጎን ላይ 205/65 R15 ተብሎ ቢጻፍ፣ 65 የሚለው የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ያሳያል። ጎኑ ከፍ ያለ ጎማ ጉድጓዱንም ጉብታውንም እየዋጠ ይሄዳል፤ ኩርባ ላይ ግን መኪናው ዘንበል ይላል። ለማማር ተብሎ ትልቅ ቸርኬ ላይ ጎነ አጭር ጎማ ሲታሰር መሪው ቶሎ ይታዘዛል፤ በሰፈር ውስጥ መንገድ ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገብ ላይ ያርፋል፣ ቸርኬውም ይጣመማል። ለአሸዋ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ አስፋልት ላይ ሲያጉረመርም ይውላል። ይህ ተፈጥሮው ነው፣ አያስፈራም። የሚያስፈራው ዝም ብሎ የኖረ ጎማ መጮህ ሲጀምር ነው። ጥርሱ በአንድ ወገን ብቻ እየተበላ ይሆናል፤ ኩሽኔታም ሊሆን ይችላል። ፍጥነት ሲጨመር መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ ጉዳይ ነው። ጎኑ ላይ እብጠት ከታየ ግን ያ ጎማ አብቅቶለታል፤ መካ ድረስ እንኳ መሄድ የለበትም።

ምቾትም ያታልላል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ለስላሳ ነው፤ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው እንዲያውም ደስ ይላል። ነገር ግን ጎኑ በየዙሩ እየተጣጠፈ ይግላል። በጅዳ በጋ አስፋልቱም የጋለ ነውና፣ በፈጣን መንገድ ላይ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነው። ቤተሰቡ ዐርብ ወደ በረሃ ሲወጣ ለአሸዋው ተብሎ ንፋስ ይቀነሳል፤ ሲመለሱ መሙላቱ ይረሳል፤ ልጆቹም በለስላሳው ጉዞ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፏል። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው።

ዕድሜው ደግሞ ሲታይ አይታወቅም። ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ ይጮኻል፣ ይነጥራል፣ እርጥብ መንገድ አይዝም። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ፈልጉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጅዳ ዝናብ የላትም የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ከመቶ በላይ ሰው የገደለውን ጎርፍ ያስታውስ። እንደዚያ ባለ ቀን ጎማ ማንንም አያድንም። በቀላሉ ዝናብ ግን ያድናል፤ ወራት ሙሉ ዘይትና አቧራ የጠጣ አስፋልት የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ጥርሱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ ውኃውን ወደ ጎን ማስወጣት ያቅተዋል።

ያገለገለ ጎማ በርካሽ ገዝቶ ለቤቱ መኪና ማሰር ልጆቹንም ሠራተኞቹንም ለዕድል አሳልፎ መስጠት ነው። መኪናው የአሠሪው ነው፤ ጎማውም የእሱ ወጪ እንጂ ከሹፌር ደመወዝ የሚቆረጥ መሆን የለበትም። ሹፌሮች፣ ነገሩን በቃል ብቻ አትተዉት፤ ፎቶ አንስታችሁ በዋትስአፕ ላኩ፣ መልእክቱንም አታጥፉ። «ከፈር ቀዲም» ወይም «ሃዋ ናቂስ» ማለት ይበቃል። እህቶችም፣ ከጁን 2018 ወዲህ መሪውን የያዘችው ማዳም ራሷ ልትሆን ትችላለች፤ ያን ጊዜ መናገሩ ይቀላል። ስለ ራሳችሁ ማንሳት ከከበዳችሁ ስለ ልጆቹ አንሱ፤ ያን ሰምቶ ችላ የሚል ወላጅ ጥቂት ነው። ባንሸር ቤት ስትደርሱ ስኮርታውንም አስለኩ፤ ከኋላ ተኝቶ ቢከርምም ንፋሱ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይቆጥራል።